ከአባት ምን ይወረሳል? ብራያንና ቤን ሼልተን በቴኒስ ሜዳ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ክቡራትና ክቡራን፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ስፖርትና ቤተሰብ» የሚል ነው። በዚህ ርእስ ሥር ብዙ ማውራት ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ስፖርትና አንድ ቤት ብቻ ይዤ መቅረብን መርጫለሁ። ስፖርቱ ቴኒስ ነው፤ ቤቱ ደግሞ አባት ብራያንና ልጅ ቤን ሁለቱም በሙያ ደረጃ የተጫወቱበት የአሜሪካው የሼልተን ቤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቴኒስ ዓለም ወላጅና ልጅ ተከታትለው የተጫወቱባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከነዚህ መካከል የሼልተንን ቤት የመረጥኩት አባትየው ታላቅ ሻምፒዮን ስላልነበረ ነው። ሻምፒዮን የነበረ አባት ለልጁ ያወረሰውን ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ ገንዘቡ፣ ስሙ፣ የሚያውቃቸው ሰዎችና ተሰጥኦው ተደባልቀው ይመጣሉና። ብራያን ሼልተን ግን በሙያው ከፍታ ላይ በነበረበት በ1992 እንኳ የዓለም ደረጃው 55ኛ ነበር። ልጁ ደግሞ በ2025 ከዓለም አሥር ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆኗል። ሃምሳ አምስተኛ የነበረ ሰው ለልጁ ምን አስተላለፈ ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱን ከዝናና ከሀብት ነጥለን የማየት ዕድል እናገኛለን። እኔ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ታሪኩ ልግባ፦ ብራያን ለልጁ ያወረሰው ዋናው ነገር የመንገዱን ዕውቀት ነው፤ በተለይም የት ላይ መቸኮል እንደማያስፈልግ ማወቅ።

ብራያን በዲሴምበር 1965 በአላባማ ግዛት በሃንትስቪል ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግዛት፣ በሰልማ ከተማ ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብታቸውን ጠይቀው ሰልፍ በመውጣታቸው በፖሊስ ተደብድበዋል። ቴኒስ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለረዥም ጊዜ ሜዳው ሳይቀር በቀለም የተከፈለ ጨዋታ ነበር፤ በቨርጂኒያ ሪችመንድ ያደገው ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች አርተር አሽ በልጅነቱ ለነጮች ብቻ በተከለሉት ሜዳዎች መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ያው አሽ በ1975 በለንደን የሚካሄደውን ታላቅ ውድድር ዊምብልደንን ሲያሸንፍ ብራያን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ብራያን የሙያ ተጫዋች አባት ባይኖረውም፣ መንገዱ ለእርሱም ክፍት መሆኑን የሚያሳይ ሰው ከፊቱ ነበረው።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ በአትላንታ ወደሚገኘው ጆርጂያ ቴክ ገብቶ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን እየተጫወተ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ወደ ሙያ ተጫዋችነት የገባው ከዚያ በኋላ በ1989 ነው። በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት በሣር ሜዳ በሚካሄደው ውድድር በ1991 እና በ1992 ተከታትሎ ዋንጫ አነሳ። በነጠላ ያገኛቸው ትልልቅ ዋንጫዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሰርቩ፣ ማለትም ነጥቡ የሚጀመርበት ምት፣ ኃይለኛ ነበር፤ ከሰርቩ በኋላም ወደ መረቡ ሮጦ ነጥቡን በአጭር የሚጨርስ የሣር ሜዳ ተጫዋች ነበር።

በ1994 በዊምብልደን የሆነውን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ዊምብልደን ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ነው፤ በአንድ ግራንድ ስላም ውድድር በነጠላ 128 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከነዚህ ውስጥ 104 ያህሉ በዓለም ደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ፤ ስምንቱ በአዘጋጁ ግብዣ፣ አሥራ ስድስቱ ደግሞ በማጣሪያ ይመጣሉ። ማጣሪያው የሚካሄደው ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት፣ ተመልካች በማይበዛበት ሌላ ሜዳ ነው፤ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ ያላሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። የብራያን ደረጃ በዚያ ዓመት ከመቶ ውጭ ወርዶ ስለነበር በዚህ በር ነው የገባው። ሦስቱን ጨዋታ አሸንፎ ሲገባ የመጀመሪያ ዙር ዕጣው ከጀርመናዊው ሚካኤል ስቲች ጋር ወጣ። ስቲች በ1991 ዊምብልደንን ያሸነፈና በዚያ ዓመት በውድድሩ ግምት በሁለተኛነት የተመደበ ተጫዋች ነው። ብራያን 6-3፣ 6-3 እና 6-4 አሸነፈው። በዚያው የመጀመሪያ ዙር በሴቶቹ በኩል ሌላዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሎሪ ማክኒል ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ስቴፊ ግራፍን ከውድድር አስወጥታለች። ብራያን እስከ አራተኛው ዙር ተጉዞ በስዊድናዊው ክርስቲያን በርግስትሮም ተሸነፈ። በነጠላ ከዚያ በላይ በግራንድ ስላም አልሄደም፤ በ1997 ተጫዋችነቱን አቆመ።

ይህን የአባቱን ታሪክ ያረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁልጊዜ በትልቁ ሜዳ የተጫወተ ሰው ማጣሪያን አያውቅም። ብራያን ግን ሁለቱንም ያውቃል፤ አንድ ሳምንት ዋንጫ ማንሳት ምን እንደሚመስል፣ በሌላው ሳምንት ባዶ ወንበሮች ፊት ለመግቢያ መታገል ምን እንደሚመስል ቀምሷል። የቴኒስ ተጫዋች ደመወዝተኛ አይደለም፤ ክለብ የለውም፤ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉንና የአሰልጣኙን ክፍያ ከራሱ ኪስ ያወጣል፤ ሲታመምም ገቢው ይቆማል። ይህን የሚያውቅ አባት ልጁን ገና በጠዋቱ ወደዚያ ሕይወት ለመግፋት እንደማይቸኩል መገመት አያዳግትም።

ብራያን ከተጫዋችነት በኋላ ወደ አሰልጣኝነት ዞረ። በጆርጂያ ቴክ የሴቶቹን ቡድን ይዞ በ2007 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን አደረገው። በ2012 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጌይንስቪል፣ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ተዛወረ፤ በ2021 እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። በሴቶችም በወንዶችም የዩኒቨርሲቲዎቹን የቡድን ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በእኔ ግምት የብራያን ትልቁ የቴኒስ ሥራ ይህ ነው፤ በተጫዋችነት ካገኘው ሁሉ ይበልጣል።

በእናት በኩል ያለውንም መዝለል አይገባም። የቤን እናት ሊሳ ዊትስከን ራሷ በወጣትነቷ ቴኒስ የተጫወተች ናት፤ ወንድሟ ቶድ ዊትስከን ደግሞ በጥንድ ጨዋታ ከዓለም ምርጦች የሚቆጠር ተጫዋች የነበረ ሲሆን በ1986 በዩኤስ ኦፕን ጂሚ ኮነርስን ያሸነፈ ሰው ነው። ቶድ በ1998 በአንጎል ካንሰር በ34 ዓመቱ ዐረፈ። ቤን የተወለደው በኦክቶበር 2002 ነውና አጎቱን አላየውም።

እንግዲህ በእናትም በአባትም በኩል ቴኒስ በሞላበት ቤት የተወለደ ልጅ ገና በአራት ዓመቱ ራኬት ተሰጥቶት እንዳደገ ልታስቡ ትችላላችሁ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቤን በልጅነቱ የሚወደው የአሜሪካ ፉትቦል ነበር፤ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚያከፋፍለው መሪ ተጫዋች፣ ሆኖ ይጫወት ነበር። ወደ ቴኒስ በቁም ነገር የዞረው አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው፤ በዚህ ስፖርት ይህ እንደ ዘገየ የሚቆጠር ዕድሜ ነው። ቤት ውስጥ አሰልጣኝ እያለ ልጅን ወደ ሌላ ስፖርት መልቀቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛም ዘንድ ሐኪም አባት ልጁ ሙዚቃ ልማር ሲል ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ።

ከዞረ በኋላም ችኮላ አልነበረም። እኩዮቹ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ለወጣቶች ውድድር ወደ አውሮፓና ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲበሩ፣ ቤን በየጊዜው እንሂድ ይል እንደነበር፣ አባቱ ግን በገዛ አገርህ ገና አንደኛ ሳትሆን ተጋጣሚ ፍለጋ ባሕር ማዶ ምን አስኬደህ እያለ ይመልሰው እንደነበር ልጁ ራሱ ተናግሯል። በዚህ ምክንያት ቤን በዓለም አቀፍ የወጣቶች ደረጃ ስሙ ብዙም አልታወቀም። በአሥራ ስምንት ዓመቱም በቀጥታ ወደ ሙያ ተጫዋችነት በመግባት ፈንታ አባቱ ወደሚያሠለጥነው ዩኒቨርሲቲ ገባ።

የዩኒቨርሲቲ ቴኒስ ከሙያው ቴኒስ በአንድ ነገር ይለያል፦ የቡድን ጨዋታ ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሲገናኙ ለጥንድ ጨዋታዎቹ በጠቅላላ አንድ ነጥብ፣ ለስድስቱ የነጠላ ጨዋታዎች አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ቀድሞ አራት ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። ስድስቱም ነጠላዎች በተጎራባች ሜዳዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ጓደኛህ ጎንህ ሲጮህ እየሰማህ ነው የምትጫወተው። አሰልጣኙም ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ በየመሐሉ ይመክራል። በሜይ 2021 ፍሎሪዳ የቤይለር ዩኒቨርሲቲን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ዋንጫውን የወሰነውን አራተኛ ነጥብ ያመጣው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ቤን ነው። አባቱ አሰልጣኝ ሆኖ ያነሳው የወንዶች ዋንጫ በልጁ ራኬት ተጠናቀቀ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ቤን በነጠላ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ።

በኦገስት 2022 በሲንሲናቲ ገና ተማሪ ሳለ በዚያን ጊዜ ከዓለም አምስቱ አንዱ የነበረውን ኖርዌያዊውን ካስፐር ሩድን 6-3፣ 6-3 አሸነፈ። ሩድም የሙያ ተጫዋች ልጅ ነው፤ አባቱ ክርስቲያን ሩድ እስከ 39ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። ክርስቲያን በ1995 በስዊድን በቦስታድ ለፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈበትን ውድድር ልጁ በ2021 አሸንፎታል። ከሲንሲናቲ በኋላ ቤን ወደ ሙያው ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻሌንጀር በሚባለው በሁለተኛው ደረጃ ውድድር ሦስት ዋንጫ ተከታትሎ ወስዶ ከመቶዎቹ ውስጥ ገባ። የአባቱን የማጣሪያ ዓመታት በአንድ መጸው ዘለላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጃንዋሪ 2023 ለአውስትራሊያ ኦፕን ሲሄድ ከአሜሪካ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሃያ ዓመቱ ነው፤ አባቱ የሙያ ተጫዋች ነበር፤ እርሱ ግን ፓስፖርቱ አዲስ ነው። እዚህ አዳራሽ ያሉት የብዙዎቻችን ልጆች በዚያ ዕድሜያቸው ከእርሱ ይልቅ ብዙ አገር አይተዋል። አባቱ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ትቶ መሄድ ስላልቻለ አብሮት የተጓዘው ዲን ጎልድፋይን የተባለ አሰልጣኝ ነበር። ቤን ሜልቦርን ላይ አራት ጨዋታ አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ አባቱ በስምንት ዓመት ሙያው በነጠላ ያልደረሰበትን ደረጃ በመጀመሪያ ጉዞው ረገጠው። ከዚያ ግን ወደ ታች ሆነ። እስከ ዩኤስ ኦፕን ድረስ ባሉት ወራት በዋናው ጉብኝት (ከፍተኛዎቹ ተጫዋቾች ከአገር አገር እየዞሩ በሚጫወቱባቸው ውድድሮች) ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ማሸነፍ አልቻለም። በአውሮፓ የሸክላ አፈርና የሣር ሜዳ ከዚያ በፊት ተጫውቶ ስለማያውቅ፣ እኩዮቹ በወጣትነታቸው የተማሩትን እርሱ በዋናው መድረክ እየተሸነፈ ነበር የሚማረው። የመዘግየት ዋጋ ይህ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚመጣ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። በዚያው በጁን ወር ብራያን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቅቆ የልጁ አሰልጣኝ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር የሚያደርሰኝን ጨዋታ ልጥቀስ። በ2023 የዩኤስ ኦፕን ሩብ ፍጻሜ ቤን የተጋጠመው ከፍራንሲስ ቲያፎ ጋር ነው። ቲያፎ ከዚህ አዳራሽ በመኪና ሩቅ ባልሆነው በኮሌጅ ፓርክ የቴኒስ ማሠልጠኛ ያደገ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከሴራሊዮን የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ አባቱ ማሠልጠኛው ሲገነባ በግንባታ ሠራተኛነት ገብቶ ኋላ የጥገናና የጽዳት ኃላፊ ሆኖ ቀረ፤ እናቱ ነርስ ነበሩ፤ ፍራንሲስና መንትያ ወንድሙ ከሳምንቱ አብዛኛውን ሌሊት አባታቸው በሕንጻው ውስጥ በተሰጠው ክፍል ያድሩ ነበር። በአንዱ በኩል በእናትም በአባትም ቴኒስ ያወረሱት፣ በሌላው በኩል አባቱ የሜዳውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ። ሁለቱ በአንድ ሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። በሦስተኛው ክፍል መለያ ላይ (ክፍሉ 6 ለ 6 ሲሆን የሚጫወቱት መወሰኛ) ቤን 6 ለ 5 እየመራ፣ አንድ ነጥብ ሲቀረው፣ የተፈቀዱለትን ሁለቱንም ሰርቭ ሳተና ነጥቡን አጣ፤ ቀጥሎም እንደገና ሁለቱንም ሳተና 7 ለ 6 ተመራ። ለቲያፎ አንድ ነጥብ ቀረው። ቤን የቲያፎን ሰርቭ ባለ በሌለ ኃይሉ መልሶ መታና አዳነው፤ መለያውን 9 ለ 7፣ ጨዋታውንም 6-2፣ 3-6፣ 7-6 እና 6-2 ወሰደ። ያንን ምት አባት አያስተምረውም። ተቀምጦ ያየው የነበረው ብራያን ምናልባትም በዚያ ቅጽበት እንዳትሞክረው ይል ነበር።

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። የሼልተንን ቤት ለዚህ አባባል ማስረጃ ማድረግ ለሚፈልግ ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው ቲያፎ ነው፤ ቴኒስ በዘሩ አልነበረም፤ በ2022 የዩኤስ ኦፕን ናዳልን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ሁለተኛው የቤን እኅት ናት፦ ከነዚያው ወላጆች ተወልዳ፣ በዚያው ቤት አድጋ፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጥሩ ተጫውታ፣ ከዚያ በፋይናንስ ሙያ ሥራ ይዛለች። በዚያ ቤት ይህ እንደ ውድቀት አልታየም። ከዚህም ሌላ የምንሰማው የተሳካላቸውን ልጆች ብቻ መሆኑን መዘንጋት የለብንም፤ የታላቁ ስዊድናዊ ሻምፒዮን የቢዮርን ቦርግ ልጅ ሊዮ በሙያው ገብቶ ለዓመታት ሲደክም እስካሁን ከመቶዎቹ ውስጥ አልገባም፤ የአባቱ ደም ግን በሥሩ አለ።

ዘር ካልሆነ ታዲያ እነዚህ ቤቶች ለምን በዙ? መልሱ በስፖርቱ አሠራር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በእግር ኳስ ክለቡ ልጁን መርጦ ያሳድገዋል፤ በቴኒስ ግን የትኛው ውድድር መቼ፣ የትኛው አሰልጣኝ ለስንት ጊዜ፣ ትምህርት ወይስ ጉዞ የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ወላጅ ነው። ያላለፈበት ወላጅ እነዚህን ውሳኔዎች በወሬና በፍርሃት ይወስናል፤ የሌላው ልጅ ፖርቱጋል ሄደ ሲባል እርሱም ትኬት ይቆርጣል። ያለፈበት ወላጅ ግን ስሕተቱን በራሱ ዕድሜ ከፍሎበታል። በየዓመቱ እዚሁ ዋሽንግተን በሮክ ክሪክ ፓርክ የሚካሄደውን ውድድር ቼካዊው ፔትር ኮርዳ በ1992 አሸንፏል፤ ልጁ ሴባስቲያን በ2024 አሸነፈው። የኮርዳ ልጅ በልጅነቱ የሚጫወተው የበረዶ ሆኪ ነበር፤ ሁለቱ እኅቶቹ ደግሞ ወደ ጎልፍ ሄደው በዚያ ስመ ጥር ሆነዋል። እዚያም ቤት ቢሆን ከመግፋት ይልቅ መጠበቅ ነው የሚታየው።

አባት አሰልጣኝ መሆኑ ግን ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ግሪካዊው ስቴፋኖስ ሲሲፓስ በ2024 በውድድር መሐል አሰልጣኙ የነበረውን አባቱን በአደባባይ ወቅሶ ከአሰልጣኝነት አሰናብቶታል፤ እናቱም የሙያ ተጫዋች የነበረች ናት። በብራያን ዘመን ከተመልካች ወንበር ሆኖ መምከር የሚያስቀጣ ጥፋት ነበር፤ አሁን በወንዶቹ ጉብኝት ተፈቅዷል፤ ስለዚህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩትም የሚጨቃጨቁትም ካሜራ ፊት ነው። የሼልተኖች ከዩኒቨርሲቲው ጊዜ ጀምሮ የለመዱት ነገር ስለሆነ ይመስለኛል እስካሁን ያልከበዳቸው።

በ2024 ቤን በዊምብልደን አራተኛ ዙር ደረሰ፤ አባቱ በማጣሪያ ገብቶ እዚያው ዙር ላይ ከቆመ ልክ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። በጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር ተሸነፈ። በ2025 ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ አሁንም ሲነር አስወጣው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሜልቦርን ግማሽ ፍጻሜ ላይም ያቆመው ሲነር ነው። በኦገስት 2025 ደግሞ በቶሮንቶ ሩሲያዊውን ካረን ካቻኖቭን 6-7፣ 6-4 እና 7-6 አሸንፎ ከግራንድ ስላም ቀጥሎ ባለው የውድድር እርከን የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። በነጠላ ከግራንድ ስላም አራተኛ ዙር በላይ ያለውን ብራያን በተጫዋችነት አያውቀውም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለቱም የሚማሩት አብረው ነው። ሲነርን በግራንድ ስላም እንዴት እንደሚያሸንፉት ገና መልስ አላገኙም፤ እኔም የለኝም። ከእናንተ ለሚነሱት ሌሎች ጥያቄዎች ግን የምችለውን ያህል ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።